የማቀጣጠያ መቆጣጠሪያ ሞጁል አሠራርና የሙቀት ፈተናው

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው በቦቢናው የመጀመሪያ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በሚቋረጥበት ቅጽበት ነው። ፍሰቱ ሲቋረጥ መግነጢሳዊ መስኩ ይፈርሳል፤ በመጀመሪያው ጥቅል ላይ ከ300 እስከ 400 ቮልት ይፈጠራል። የሁለተኛው ጥቅል ዙሮች መቶ እጥፍ ከሆኑ ወደ ካንዴላው ከ30 ሺህ ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። ማቋረጡን ቀድሞ ያከናውን የነበረው ፑንቲና ነው፤ በሞጁሉ ውስጥ ግን ሥራውን ትራንዚስተር ተረክቧል።

ማቋረጡ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ፍሰቱ ከመቋረጡ በፊት ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ የሚለው ነው። ኢንዳክታንሱ 5 ሚሊሄንሪ የሆነ ቦቢና በ12 ቮልት 6 አምፔር ለመድረስ፣ የሽቦው ተቃውሞ ካልታሰበ፣ 2.5 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ የሚያከማቸው ኃይልም 90 ሚሊጁል ነው። ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ አንድ ቦቢና ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር በሁለት ብልጭታዎች መካከል ያለው ጊዜ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ደግሞ ጊዜው ይተርፋል፤ ተቃውሞው 0.5 ኦም የሆነ ቦቢና ገደብ ከሌለው ወደ 24 አምፔር ያመራል።

ስለዚህ ሞጁሉ ፍሰቱን 6 አምፔር ላይ ይገታል። ዋጋው ግን ሙቀት ነው፦ ከ12 ቮልቱ ቦቢናው የሚወስደው 3 ቮልት ሲሆን ቀሪው 9 ቮልት በትራንዚስተሩ ላይ ያርፋል፤ ገደቡ በሚሠራባቸው ቅጽበቶች 54 ዋት ማለት ነው። ደህና ሞጁል ይህን ቅጽበት ለማሳጠር የመክፈቻውን ጊዜ ከፍጥነቱ ጋር ያስተካክላል።

ፎርድ በ1980ዎቹ ሞጁሉን በቀጥታ በዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ አሰረው። ሽቦ አሳጠረ፤ ነገር ግን ራሱ የሚሞቀውን ዕቃ ከሞተሩ ሙቀት ጋር አጣበቀው። ሲግል ሞተሩን በጉዞ ላይ የሚያጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ ግን መልሶ የሚሠራ ብልሽት ለክስ አበቃ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ ተሽከርካሪዎቹ እንዲጠሩ አዘዘ፤ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ። በኋለኞቹ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ሞጁሉ ከዲስትሪቢዩተሩ ርቆ በሙቀት ማስተላለፊያ ብረት ላይ ተቀምጧል።

ለምርመራው ዘዴ ይህ ወሳኝ ነው። ተፈትቶ በጠረጴዛ ላይ የተፈተሸ ሞጁል ቀዝቅዟልና ብዙ ጊዜ ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ፍተሻው ሞጁሉ በሞቃት አየር እየጋለ የመጀመሪያውን ጥቅል ፍሰት በኦሲሎስኮፕ መከታተልን ይጠይቃል።