የደንበኛው ስም ከዝርዝሩ እንዴት ይወጣል?

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው የስምጥ ሸለቆ መስመር የገበሬዎችን ስልክ በደብተር የሚይዝ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ችግሩን ያውቀዋል። ሲም የቀየረው፣ ከስንዴ ወደ ሽንኩርት የዞረው፣ መልእክት በቃኝ ያለው፣ ሁሉም የእሱን እጅ ይጠብቃል።

8028 ይህን ሸክም ለማሽን ሰጠ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ከአጋሮቹ ጋር የጀመረው ነጻ የስልክ መስመር፣ ገበሬው ደውሎ ቁጥር በመጫን ራሱን እንዲመዘግብ አደረገ። የስንዴ ዋግ ሲነሳ ማስጠንቀቂያው በአካባቢና በሰብል ተለይቶ ይላካል። ምክሩ በድምፅ ስለሚሰማ ፊደል ያልቆጠረውንም አልተወም፤ ትልቁ ብልሃት ይኼ ነው።

በኢሜይሉ ዓለም ተመሳሳዩን ሥራ የጀመረው ሊስትሰርቭ የተባለው ፕሮግራም ነው። ኤሪክ ቶማስ ፓሪስ ውስጥ ተማሪ ሳለ በ1986 እ.ኤ.አ. ጻፈው። ከዚያ በፊት አባላትን የሚያስገባውም የሚያስወጣውም ሰው ነበር።

ለአዳማ ነጋዴ ወይም ለመቂ የአትክልት ማኅበር ዝርዝሩን በማሽን መያዝ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ተመዝጋቢው በራሱ ስልክ ወይም ኢሜይል ያረጋግጥ፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ መልእክቱ የሚደርሰው ለማያውቀው ሰው ነው። መውጫው እንደ መግቢያው ይቅለል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰጡትን ፈቃድ የማንሳት መብት ይሰጣል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የወጣው ሰው አድራሻ «አይላክለት» በሚል መዝገብ ይቀመጥ። ጨርሶ ከተሰረዘ፣ የድሮው ደብተር እንደገና ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ሰውየው ሳይጠየቅ ተመልሶ ይገባል።