የሣር ማጨጃ ሞተር ከመግዛታችን በፊት

በዋግ ኽምራ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የዝናቡ ጊዜ አጭር ነው። ሣሩ ግን ቶሎ ያድጋል። መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሣር ይዋጣል። ወደ ጤና ኬላው የሚወስደው መንገድ ይጠፋል። ልጆች በሚሮጡበት ሣር ውስጥ እባብ ቢተኛ አይታይም። ስለዚህ ሣሩ መታጨድ አለበት።

ከአባት ከአያት ጀምሮ የምናጭደው በማጭድ ነው። ዛሬ ግን በቤንዚን የሚሠራ የሣር ማጨጃ ሞተር አለ። ይህን ሞተር ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ ልግዛ ቢል ገንዘቡ በአብዛኛው ከመዋጮ ይወጣል። በመዋጮ የተገዛ ዕቃ ሲበላሽ የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው። እንግዲያው ከመግዛታችን በፊት እንወያይ።

ሞተሩ እንዴት ያጭዳል?

ሞተሩ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ይታሰራል። በሌላው ጫፍ የሚሽከረከር ክብ ነገር አለ። ከእሱ የናይሎን ክር ይወጣል። ክሩ በኀይል ሲሽከረከር ሣሩን ይቆርጣል።

ይህን ሐሳብ ያመጣው ጆርጅ ባላስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1971 ነበር። ባላስ መኪና ሲታጠብ የሚሽከረከሩትን ብሩሾች አየ። ከዚያ ባዶ ቆርቆሮ ወሰደ፤ የዓሣ ማጥመጃ ክር አሰረበት፤ በሞተር አሽከረከረው። ሣሩን ቆረጠለት። እሱ ያሰበው ግን በዛፍ ሥርና በግቢ ዳር ለሚበቅለው ሣር ነው። ለከብት መኖ አላሰበም።

ለየትኛው ሥራ ይሆናል?

ሞተሩ ለግቢ፣ ለአጥር ሥርና ለመንገድ ዳር ይሆናል። ለተከለለ ተራራ ሣር ግን ማጭድ ይሻላል። ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ክሩ ሣሩን ከታትፎ ይበትነዋል። በማጭድ የታጨደ ሣር ግን በእፍኝ ይያዛል፤ ይታሰራል፤ በሸክም ቤት ይገባል። ደግሞም ክሩ ሲሠራ እያለቀ ይሄዳል። የናይሎኑ ቁራጭ ከሣሩ ጋር ይደባለቃል። በሬው ይህን ሊበላ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በተከለለ ተራራ ላይ ችግኝ አለ። ክሩ የችግኙን ልጥ ይልጠዋል። ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ችግኝ ይደርቃል። ስንት ዓመት የጠበቅነው ዛፍ በአንድ ቀን ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ተራራችን ድንጋያማ ነው። ክሩ ጠጠሩን እንደ ወንጭፍ ይወረውራል። በክሩ ፈንታ የብረት ምላጭ ቢገጠም ደግሞ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል።

ስለዚህ ማጭዳችንን አንጣል። ማጭድ ስትገዙ ምላጩ ከእጀታው ጋር እንዳይነቃነቅ አድርጎ የተሠራውን ምረጡ። ጥርስ የሌለውን ማጭድ በሥራ መካከል በመሳያ ድንጋይ ሳሉት። የደነዘ ማጭድ ሣሩን ይነቅላል፤ እጅንም ይቆርጣል። ሣሩንም ማበብ ሲጀምር እጨዱት። ከደረቀና ዘሩን ካራገፈ በኋላ ጉልበቱ ያልቃል። ለከርሞ ዘር እንዲሆን ግን ከዳር ትንሽ ተዉለት።

ሲገዛ ምን ይታያል?

ዋጋውን ብቻ አይቶ መግዛት ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው። እነዚህን ጠይቁ፦

1. ክሩ፣ ካንዴላውና የአየር ፊልትሮው በቅርብ ከተማ ይገኛል? መለዋወጫ የሌለው ሞተር አንድ ክረምት ሠርቶ ይቆማል።

2. ማንገቻ አለው? ማንገቻ ከሌለው ክብደቱ ሁሉ በክንድ ላይ ይወድቃል።

3. በክሩ በኩል የጠጠር መከላከያ አለው? የሌለውን አትግዙ።

4. ባለ ሁለት ምት ነው ወይስ ባለ አራት ምት? ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቅለታል። ባለ አራት ምት ግን ዘይቱ ለብቻው በራሱ ቦታ ይጨመራል።

የቤንዚኑንም ወጪ አስቡ። አነስተኛ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ይጠጣል። አራት ሰዓት ቢሠራ ከ2 እስከ 4 ሊትር ነው። ቤንዚን በጠፋ ቀን ሞተሩ ይቆማል። ማጭድ ግን አይቆምም።

ዘይቱ በልክ ይሁን

እንበል፤ አንድ ኮሚቴ ባለ ሁለት ምት ሞተር ገዛ። ሠራተኛው ቤንዚኑን ብቻ ሞላ። ዘይት አልጨመረም። ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ጋለ፤ ከውስጥ ፒስተኑ ተጣበቀ፤ ቆመ። ገመዱ ቢሳብ እምቢ አለ። የሕዝብ ገንዘብ በግማሽ ቀን ተቃጠለ ማለት ነው።

ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ይሁን። ብዙዎቹ ሞተሮች ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ይፈልጋሉ። ሒሳቡ ይህ ነው፦

ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት።

ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት።

አንዳንዱ ሞተር ግን ለ25 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ይላል። ያን ጊዜ ለ1 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የእናንተን ልክ ከመመሪያው አንብቡ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ከሆነ መምህሩን አስነብቡ። ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ከጄሪካኑ ላይ ለጥፉ። ኽምጣና ለሚናገር ሠራተኛም በኽምጣና አስረዱት። በግምት አትጨምሩ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ መለካት ይቻላል። ከዚያ ጄሪካኑን ከድናችሁ በደንብ ናጡት።

የተደባለቀ ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ አታቆዩ። ናፍጣ ደግሞ በፍጹም አይገባበትም።

ጥገናው

ሥራ በዋለ ቁጥር የአየር ፊልትሮውን እዩ። የስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፤ ሲደርቅ መልሱት። በሞተሩ ዙሪያ የገባውን ሣርና አቧራ ጥረጉ። አለዚያ ነፋስ አያገኝም፤ ይግላል።

ካንዴላውን ፈታችሁ ተመልከቱ። ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይቱ በዝቷል፣ ወይም ፊልትሮው ቆሽሿል። ሌላም ምክንያት አለ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ዝቅ ላለ አገር ተስተካክሎ ከመጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፤ ይደክማል። ይህን መካኒክ ካርቡራተሩ ላይ ያስተካክለው።

ክሩ በደረቅ አየር ይሰባበራል። ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ይለዝባል።

የእኛ ሣር የጥቂት ወር ነው። ሞተሩ ብዙውን ዓመት ተቀምጦ ይከርማል። ብዙ ሞተር የሚበላሸው ደግሞ በሥራ ሳይሆን በመቀመጥ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ቤንዚኑን ቅዱ። ሞተሩን አስነሡና የቀረው እስኪያልቅ ይሥራ። ካንዴላውን ፈታችሁ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምሩ። ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ሳቡና ካንዴላውን መልሱ። ከዚያ በደረቅ ቤት፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ስቀሉት።

ለሰውም እንጠንቀቅ

የዐይን መከላከያ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ረጅም ሱሪና ቦት ጫማ ሳይደረግ ሞተሩ አይነሣም። ሰውም ከብትም 15 ሜትር ይራቅ። ይህ 20 እርምጃ ያህል ነው። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይቀዳም። በአጠገቡም ሲጋራ አይጨስም።

ዋግ የማር አገር ነው። ቀፎ ባለበት አጠገብ ሞተር አታስነሡ። ድምፁና ንዝረቱ ንቡን ያስቆጣል። እዚያ በማጭድ እጨዱ።

ኀላፊው ማን ነው?

ሁሉም የሚነካው ሞተር የማንም አይደለም። አንድ የሠለጠነ ኀላፊ ይመረጥ። ደብተር ይኑረው። የሠራበትን ቀን፣ የጨመረውን ቤንዚን፣ የለካውን ዘይት ይጻፍ። በየወሩ ደብተሩ በስብሰባ ላይ ይነበብ። ቤንዚኑ የት እንደገባ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ይህን ኀላፊና ይህን ደብተር ማግኘት ካልቻላችሁ መዋጮውን አትሰብስቡ። ጥሩ ማጭድ ግዙና ግቢውን በደቦ እጨዱት።