ማኅተም ያረፈበት ቃል፦ የመሪዎችን ደብዳቤ የመሰብሰብ ፋይዳ

እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1968 በካይሮ አባሲያ ሠፈር የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ፣ ፕሬዚዳንት ገማል ዐብዱል ናስርና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጎን ለጎን ተገኝተው ነበር። የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአካል መገናኘት የቻሉት በቅርብ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት የካይሮና የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥታት የሚነጋገሩት በመልእክተኛ እጅ በሚጓዝ ደብዳቤ ነበር።

ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1443 ለሱልጣን ጀቅመቅ የላኩት ነው። ንጉሡ በግብፅ የሚኖሩ ክርስቲያኖች እንዲጠበቁ ጠይቀው፣ በግዛታቸው ያሉ ሙስሊሞችም በሰላም እንደሚኖሩ አስታውሰዋል። ቃሉ እስከ ዛሬ የዘለቀው አል-ሰኻዊ የተባለው የካይሮ ታሪክ ጸሐፊ በመጽሐፉ ስለ ገለበጠው ነው። ከእርሱ በፊትም የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ አል-ቀልቀሸንዲ (1355–1418) ሱልጣኑ ለሐበሻ ንጉሥ ሲጽፍ የሚጠቀምበትን የአጠራር ሥርዐት በሰፊው ሥራው መዝግቦ አቆይቷል። የዘመኑ ደብዳቤ ሰብሳቢዎች ቀዳሚዎቻቸው እነዚህ ጸሐፍት ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የመሪን ደብዳቤ እውነተኛነት የሚመሰክረው በጥንቱ ዘመን ፊርማ ሳይሆን ማኅተም ነበር። ነገሥታት ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በተነገራቸው ጊዜ፣ «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት የብር ቀለበት ማሠራታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ለግብፁ ገዥ ለሙቀውቂስ ተልኳል የሚባል ደብዳቤ በ1850 ገደማ በላይኛው ግብፅ ተገኝቶ ዛሬ በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ብራናው ዋናው ስለ መሆኑ ግን ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ደብዳቤው መላኩ አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ያለው ብራና ያው መሆኑ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል።

ሰብሳቢን ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄም ይኸው ነው። በዘመናችን ብዙ መሪዎች ደብዳቤያቸውን በጸሐፊዎቻቸው እጅ ያስፈርማሉ፤ ፊርማን አስመስሎ የሚጽፍ ማሽንም አለ። ስለዚህ አስተዋይ ሰብሳቢ ፊርማውን ብቻ አይመለከትም። ወረቀቱንና ቀለሙን፣ ቀኑን፣ የተቀባዩን ማንነት ይመረምራል። ከሁሉ በላይ ደብዳቤው ከመጀመሪያው ተቀባይ ተነሥቶ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ይጠይቃል።

ደብዳቤ ከአቻው ሲለይ ግማሽ ትርጉሙን ያጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትን ደብዳቤ ብቻውን የሚያነብ ሰው የወዳጅነት ጥያቄ ብቻ ያያል። ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ለንደን ደርሶ በጊዜው መልስ ሳያገኝ መቀመጡን፣ በዓመቱ የእንግሊዝ ቆንስል መታሰሩን፣ በ1868ም ነገሩ በመቅደላ ጦርነት መፈጸሙን የሚረዳው ግን ከዚያ በኋላ የተጻፉትን ሰነዶች አብሮ ያነበበ ነው። ያ ደብዳቤ ዛሬም በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከመንግሥት ሰነዶች ጋር ተጠብቆ ይገኛል። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን ከ1800 እስከ 1879 የተጻፉ የኢትዮጵያ ደብዳቤዎችንና ውሎችን ከልዩ ልዩ አገሮች አሰባስቦ በሦስት ጥራዞች ማሳተሙም የተበተነው ንግግር እንደገና እንዲገናኝ ረድቷል።

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ከአያት የተወረሰ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ወረቀት በፕላስቲክ ማሸግ፣ በማጣበቂያ መጠገን ወይም ለፀሐይ ማጋለጥ ይጎዳዋል። ከፖስታውና አብረውት ከተቀመጡት ወረቀቶች ጋር በደረቅ ስፍራ ማኖር፣ ከማን እንደተገኘም በተለየ ወረቀት ጽፎ መያዝ ይገባል። ባለቤቱ ዋናውን ለማስረከብ ባይፈቅድ እንኳ ፎቶግራፉን ለቤተ መዛግብት ወይም ለአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢሰጥ ቃሉ ይድናል። አል-ሰኻዊ የአንድን ንጉሥ ቃል ለዛሬ አንባቢ ያደረሰው ገልብጦ በማስቀመጡ ነውና።