የባሕር ዕፀዋትና የስኳር በሽታ



በቋንቋችን «ባሕር» የሚለው ቃል ጨዋማውን ባሕርም ጨው የሌለበትን የጣናን ውሃም በአንድነት ይጠራል። ስለዚህ የሐሙሲት ወይም የባሕር ዳር ሰው «የባሕር ዕፅ ለስኳር በሽታ መድኃኒት ነው» የሚል ወሬ ቢሰማ፣ ዓይኑ ወደ ጣና ዳርቻ ቢያማትር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ሊቃውንት በብዛት የሚመረምሩት በጨዋማ ባሕር ውስጥ በዓለት ላይ ተጣብቆ የሚያድገውን ቡናማ አልጌ ነው እንጂ ደንገልን ወይም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በጣና ላይ የታወቀውን እምቦጭን አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ያሻል። የምንበላው እንጀራና ዳቦ በአንጀታችን ውስጥ ወደ ስኳር ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ይህን ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት ያስገባዋል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ኃይሉ ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማችና ቀስ በቀስ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና እግርን ይጎዳል።

ቡናማው አልጌ በሁለት መንገድ ይረዳ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። አንደኛው፣ አልጂኔት የሚባል ነገር ስላለበት ነው። ይህም ተልባ ተነክሮ ሲያድር እንደሚያዝለገልግ ሁሉ በሆድ ውስጥ እየረጋ የስኳሩን አገባብ ያዘገያል። ሁለተኛው፣ ፍሎሮታኒን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች እህሉን ወደ ስኳር የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ያግዳሉ። አካርቦስ የተባለው የታወቀ መድኃኒት የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው፤ እርሱም የተገኘው ከአፈር ተሕዋስያን ነው።

ታዲያ ለምን ዛሬውኑ አንጠቀምበትም? በብልቃጥና በአይጥ ላይ የታየው ውጤት በሰው ላይ ገና በትንንሽ ሙከራዎች ብቻ የተፈተነ በመሆኑ ነው። ከዕፅ እስከ መድኃኒት ያለው መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ከሜትፎርሚን ታሪክ እንማራለን። ጋሌጋ የተባለው የኤውሮፓ ዕፅ ከጥንት ጀምሮ ለባህል ሕክምና ይውል ነበር፤ ነገር ግን በጎችን የሚመርዝ ነው። ሊቃውንት በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር መነሻ አድርገው ሜትፎርሚንን በ1922 በቤተ ሙከራ ሠሩ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ለስኳር ሕሙማን መጥቀሙን የገለጹት ግን በ1957 ነው። ዛሬ በሽተኛው የሚውጠው የተመጠነውን እንክብል ነው እንጂ ቅጠሉን አይደለም።

ያልተመጠነ የባሕር አልጌ የራሱ አደጋ አለው። አንዳንዱ አዮዲን ስለሚበዛበት የእንቅርትን ዕጢ ያውካል፤ አንዳንዱም አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ያከማቻል። በጣና ውሃ ላይ አልፎ አልፎ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ቅባት መሰል ነገር ደግሞ ከቶ ለመድኃኒት አይታሰብ፤ በውስጡ የሚገኘው ማይክሮሲስቲስ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላልና። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ባለው በአረንጓዴ ሐይቅ የሚታወቀው ስፒሩሊና ከዚህ የተለየ ነው፤ በንጽሕና ሲዘጋጅ ምግብ ይሆናል፤ ነገር ግን የኢንሱሊን ምትክ አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ባንቲንግና ቤስት በ1921 በቶሮንቶ ኢንሱሊንን ሳያገኙ በፊት፣ ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሕፃን ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። ዛሬም እንዲህ ያለው ሕመምተኛ በገበያ ዱቄት ተማምኖ መርፌውን ቢያቋርጥ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል።

እናንተም ቀኑን በወንበር ላይ የምታሳልፉ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የውሃ ጥም፣ የሽንት መብዛትና ያለምክንያት መክሳት ከታየባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሌሊቱን ተጾሞ በተቀዳ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው አለ ማለት ነው። የባህል መድኃኒት የምትወስዱ ብትሆኑም ለሐኪማችሁ ከመንገር አትፈሩ። የባሕሩ ዕፅ ነገ መድኃኒት ቢወጣው ደስታችን ነው፤ እስከዚያው ድረስ ግን በእጅ ያለውን መድኃኒት አጥብቆ መያዝ የብልህ ሰው ሥራ ነው።