የባጃጇ መታወቂያ ብረቷ ላይ ነው

ከጎንደር መሃል ከተማ ወደ ቁስቋም የሚወጣው ዳገት ባጃጅ ይፈትናል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩበት ከፍታ ነው፤ ሲወጡት ሞተር ያቃስታል፣ ሲወርዱት ፍሬን ይግላል። ፍሬን ከከዳ ወይም በክረምት ጎማ ከተንሸራተተ ቀድሞ የሚመታው የባጃጇ ፊት ነው። ሹካው ይጣመማል፣ ላሜራው ይጨማደዳል፣ ባጃጇም ተገፍታ ጋራዥ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ የቀረው ብየዳና ቀለም ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ተቆርጦ የሚጣለው ብረት ቁጥር የታተመበት ሊሆን ይችላል።

ታርጋ በብሎን የታሰረ ነው፤ ይፈታል፣ ይለወጣል። የተሽከርካሪዋ እውነተኛ መለያ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ናቸው። ሊብሬው ላይ የሚሰፍሩት፣ መድን የሚገባባቸው፣ በሽያጭ ውል ላይ የሚጻፉት እነሱ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩ በዓለም አቀፉ ደረጃ 17 ፊደላትና አሃዞች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አምራቹን ይናገራሉ፤ የህንዱ ባጃጅ አውቶ ምርቶች ለምሳሌ በኤም፣ ዲ እና 2 ይጀምራሉ። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ጨርሶ አይገቡበትም። ስለዚህ ሊብሬዎ ላይ በሻንሲ ቁጥሩ መካከል ኦ ካዩ ጸሐፊው ዜሮን በፊደል ጽፎት ነው። ሳይውል ሳያድር ያስተካክሉት፤ አለዚያ ለሽያጭ በተስማሙ ቀን ውሉ ይገተርብዎታል።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። በያጁ ግራይንደሩን እንደያዘ ባለቤቱን ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ቁጥሯን ቆርጬ አዲሱ ላይ ልበይዳት?» ልጁ ክፋት የለውም፤ ሊረዳ ፈልጎ ነው። ባለቤቱም «እሱስ ደግ ነው፣ ከወረቀት መንከራተት ይገላግለኛል» ብሎ ያስባል። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። በቁጥሩ ዙሪያ ያለ የብየዳ ጠባሳ በመርማሪ ዓይን የተሰረቀ ተሽከርካሪ ምልክት ነው፤ ሌባም የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። ስቱኮና ቀለምም አያድንም። ቁጥር ሲታተም ከሥሩ ያለው ብረት አብሮ ይጨመቃል፤ ላዩ ተፍቆ ቢለሰልስ እንኳ በአሲድ ሲታጠብ የቀድሞው ቅርጽ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይታያል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብረቱ ከመነካቱ በፊት ቁጥሩን ፎቶ አንሡት። ወረቀት ለጥፋችሁ በእርሳስ ብታሹት ደግሞ የፊደሎቹ ቅርጽ ሳይቀር ይወጣል። ሹካ፣ በር ወይም ቁጥር የሌለበት ላሜራ ከሆነ የሚለወጠው፣ የዕቃውን ደረሰኝ መያዝ ይበቃል። ቁጥሩ ያለበት አካል ከሆነ ግን ሥራው ይቁም፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ባጃጇ ወደተመዘገበችበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያመልክት። አሮጌውም ብረት ጉዳዩ እስኪያልቅ አይጣል፣ ለቁራሌው አይሸጥ። ሞተር ሲለወጥም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ ሞተር የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣልና የግዢ ደረሰኙና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይፈለጋል። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፤ በጋራዥ ምክር ከመሄድ እሱን አይቶ መሥራት ይሻላል።

የባጃጅ ባለቤት ብዙ ጊዜ ሀብቱ ያቺው አንዲት ባጃጅ ናት። በቁጥር ምክንያት ከተያዘች የልጆቹ እንጀራ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ባጃጇን ስታቆሙ ጭቃውን ጥረጉና ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት።