በወረርሽኝ ወቅት የቤት ውስጥ ተባዮችን በየጊዜው መከላከል

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ የብዙ ቤተሰብ አኗኗር ተለውጦ ነበር። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ቤት ውለው ነበር፤ በየደጃፉ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ባልዲ፣ ጀሪካንና ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ተቀምጦ ነበር፤ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮችም ከቀድሞው የበለጠ ውሃ በቤት ይጠራቀም ነበር። ይህ ሁሉ ተገቢ የመከላከል ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ሰው፣ ምግብ፣ ቆሻሻና የቆመ ውሃ በአንድ ግቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲከማቹ ለትንኝ፣ ለቅማል፣ ለአይጥና ለበረሮም ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል።

ኮሮና ቫይረስ በትንኝ ንክሻ እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አሳሳቢው ጉዳይ ሌላ ነው። ወባ፣ ዴንጊ፣ ቺኩንጉንያ፣ ግርሻና ተስቦ እንደ ኮቪድ-19 ሁሉ በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በሰውነት ቁርጥማት ሊጀምሩ ይችላሉ። ስለዚህ በተባይ የሚተላለፍ በሽታ በወረርሽኝ ወቅት ሲነሳ ቤተሰቡን ግራ ያጋባል፤ በተጨናነቀው የጤና ተቋም ላይም ተጨማሪ ሸክም ይሆናል።

የድሬዳዋ ከተማ ተሞክሮ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በከተማዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር፤ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አሟል። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ስትሆን የምትራባውም ሰው ለመጠጥና ለመታጠቢያ ባጠራቀመው ውሃ፣ በአሮጌ ጎማ፣ በአበባ ማስቀመጫና ዝናብ በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የምትናከሰው በአብዛኛው በቀን በመሆኑ ሌሊት የሚዘረጋው አጎበር ብቻውን አይበቃም። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የመራባት ልማድ አላት። ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ ብቻ ነው የሚለው የቆየ እምነት ስለዚህ ሊታረም ይገባዋል።

የኤደስ እንቁላል ወደ በራሪ ትንኝ የሚለወጠው በሞቃት አካባቢ ከአንድ ሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ነው። ማጠራቀሚያን ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ባዶ ማድረግ የሚመከረውም ከዚህ የተነሳ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። እንቁላሉ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ በዕቃው የውስጥ ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ፣ ደርቆም ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ውሃውን መድፋት ብቻ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ግድግዳው በሳሙናና በሻካራ ብሩሽ መፈግፈግ አለበት። ሊደፋ የማይችል ትልቅ በርሜል ወይም ሮቶ ትንኝ በማያሳልፍ ክዳን ወይም በወንፊት ጨርቅ በሚገባ ይሸፈናል። ከእጅ መታጠቢያው ሥር የተቀመጠውን የእጣቢ መቀበያ በየቀኑ መድፋትም አይዘነጋ። ለመታጠቢያ የሚሆነው ውሃ ግን መቀነስ የለበትም፤ የሚያስፈልገው ክዳን ነው።

ቅማል ሌላ ትኩረት ይፈልጋል። ግርሻንና ተስቦን የሚያስተላልፈው የሰውነት ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ሲሆን የሚስፋፋውም ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩበትና ልብስ በማይቀየርበት ቦታ ነው። የግርሻ ተሕዋስ ቅማሉ ሲጨፈለቅ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። በመሆኑም ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል የመግደል የቆየ ልማድ ጎጂ ነው። ልብስና አንሶላን በፈላ ውሃ መዘፍዘፍና ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ቅማሉንም እንቁላሉንም ያጠፋል። ውሃ በማይበቃበት ቤት ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ለሁለት ሳምንት ሳይከፍቱ ማቆየት ይቻላል።

አይጥና በረሮን በተመለከተ ዋናው ነገር ምግብ ማሳጣት ነው፦ እህልና ዱቄት ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ የምግብ ትራፊ አይደር፤ በተለይ ተለይቶ ለተቀመጠ ታማሚ የቀረበው ምግብ ቶሎ ይነሳ፤ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን። የአይጥ ኩስ በደረቁ ሲጠረግ አቧራው ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ማርጠብና ጥቂት ቆይቶ በጓንት ማንሳት ይሻላል።

ኬሚካል የመጨረሻው አማራጭ ቢሆን ይመረጣል። ለእርሻ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ በመኝታ ክፍል መርጨት፣ በፍራሽና በልጆች ፀጉር ላይ ማፍሰስ ከትኋኑ ወይም ከቅማሉ በፊት ሰውን ይጎዳል። ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው በሚያርፍበት ክፍል ምንም ዓይነት ርጭት መደረግ የለበትም። በሌላ ክፍል ሲረጭም ቤተሰቡና ምግቡ ይወጣሉ፤ ከርጭቱ በኋላ መስኮትና በር ተከፍቶ ቤቱ ይናፈሳል። በረኪናን ከፀረ ተባይ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ሊፈጥር ይችላል። ከሁሉ የከፋው የተረፈውን መርዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው፤ የተጠማ ሕፃን የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። መርዝ የጠጣን ሰው ለማስመለስ መሞከር ወይም ወተት መጋት ጊዜ ያባክናል፤ ታማሚውን ከነጠርሙሱ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ሲኖር ኮሮና ነው ብሎ መደበቅም፣ ወባ ነው ብሎ ከመድኃኒት መደብር ክኒን ገዝቶ መዋጥም ትክክል አይደለም። ታማሚው ጭምብል አድርጎ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ወባ ከሆነ ሕክምናው ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ለባለሙያውም ስለ ሳሉና ስለ ንክኪው ብቻ ሳይሆን በቅርቡ ወባ ወዳለበት አካባቢ ስለመጓዙ፣ በቤቱ ቅማል ስለመኖሩ፣ በጎረቤት ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለም ይንገር።