የመኪናዎን የሞተር ዘይት ራስዎ ይምረጡ፤ ራስዎም ይቀይሩ

«የመኪናው ጉዳይ የባለቤቴ ነው»፣ «እሱን ሜካኒኩ ያውቃል» የሚሉ እናቶች ዛሬም ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ የምትገሠግሠው፣ ከሥራ መልስ ገበያ የምትወጣው፣ በሌሊት የታመመ ሲኖር ሐኪም ቤት የምታደርሰው ብዙውን ጊዜ እናት ራሷ ናት። መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ ቢል የሚጉላላው ቤተሰቧ ነው፤ ለጥገና የሚወጣውም ገንዘብ ከቤት ወጪ ላይ የሚቀነስ ነው። ስለሆነም የመኪናን ደኅንነት መጠበቅ እንደ ጓዳው ሁሉ የቤት አስተዳደር አንዱ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ መኪና የሞተር ዘይት የለውም። በደጅዎ የቆመው የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና ከሆነ ግን ሞተሩ አልቆ ሌላ ልግዛ ቢሉ እንደ ቀድሞው ቀላል እንደማይሆን መገመት አያዳግትም። በመሆኑም ያለውን ሞተር በሚገባ መያዝ ያስፈልጋል። ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ ዘይቱን በወቅቱ መቀየር ነው። በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ እንመለከታለን።

ዘይት ምን ይሠራል?

በሞተር ውስጥ ያሉት ብረቶች በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይዞራሉ። ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ ቢፋተግ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግሎ ይጣበቃል። በመካከላቸው ገብቶ ይህን የሚከለክለው ከጠጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው። ከዚህም በላይ ዘይት ከፒስተኑ አካባቢ ሙቀት ይወስዳል፣ ጥላሸቱንና ፍቅፋቂውን አጥቦ ወደ ፊልትሮ ያደርሳል፣ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል።

ነገር ግን ዘይት ያረጃል። ሙቀቱ ያበላሸዋል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ እርጥበት፣ አቧራና ጥላሸት ይቀላቀሉበታል፤ በፋብሪካ የተጨመሩለት ማጠቢያና መከላከያ ቅመሞችም እያለቁ ይሄዳሉ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ወደ ጥቁር ዝቃጭ ተለውጦ የዘይቱን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይዘጋል። መጨረሻው ሞተር አስወርዶ ማሳደስ ነው። የአንድ ጊዜ የዘይት መግዣና የሞተር ማሳደሻ ወጪ ፈጽሞ አይወዳደሩም። አባቶችና እናቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

በየስንት ጊዜው?

ትክክለኛው መልስ ያለው ከመኪናው ጋር በተሰጠው የመመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። መጽሐፉ ከሌለ በተለመደው የማዕድን ዘይት ለሚሠራ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰውን መያዝ ይበጃል። «ሲንቴቲክ» የሚባለው ዘይት ረዘም ያለ ጊዜ ያገለግላል፤ አምራቹ ከፈቀደ እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ሊያስኬድ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «እኔ እኮ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቢሮ እንጂ ሩቅ አልነዳም» ማለት ለሞተሩ ዕረፍት ሰጠሁት ማለት አይደለም። አጭር ጉዞ ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ስለሚያልቅ በዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ቤንዚን ተንኖ አይወጣም። በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ የሚሠራ ሞተርም ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር ዘይት ያስረጃል። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በአዲስ አበባ የሚነዳ መኪና እነዚህ ሁሉ ስለሚደርሱበት፣ ከተጻፈው ጊዜ ቀደም ብሎ መቀየር እንጂ ማዘግየት አይገባም።

በጀሪካኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ከሱቅ ገብተው «ጥሩ ዘይት ስጠኝ» ማለት፣ ከመድኃኒት ቤት ገብቶ «ጥሩ መድኃኒት ስጠኝ» እንደማለት ነው። ጥሩ የሚባለው ለመኪናዎ የተስማማው ነው። ለመምረጥ ሁለት ምልክቶችን ማንበብ ይበቃል።

አንደኛው የውፍረት ቁጥር ነው። ይኸውም 20 ደብሊው 50፣ 10 ደብሊው 40 ወይም 5 ደብሊው 30 ተብሎ የሚጻፈው ነው። «ደብሊው» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክረምትን ታመለክታለች። ከእርሷ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በቅዝቃዜ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ሲናገር፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በቀላሉ ይፈስሳል። ከኋላ ያለው ቁጥር ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል።

20 ደብሊው የሚባለው ዘይት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ፣ 5 ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ በከተሞቻችን ስለሌለ፣ በብርድ ምክንያት ሞተር አይነሣም የሚል ሥጋት የለብንም። ሆኖም ሞተር በብዛት የሚጎዳው ጠዋት ገና ሲነሣ ነውና፣ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ቶሎ የሚፈስ ዘይት ለላይኞቹ ክፍሎች ፈጥኖ ይደርስላቸዋል።

ታዲያ «ወፍራሙ ዘይት የበለጠ ይጠብቃል» የሚለው ወሬ እውነት ነውን? አይደለም። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ትንንሽ የጃፓን አውቶሞቢሎች የውስጥ ክፍተታቸው ጠባብ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የታዘዘላቸው 5 ደብሊው 30 ወይም 0 ደብሊው 20 ነው። በእነዚህ ላይ 20 ደብሊው 50 ቢጨመር ነዳጅ ያስበላል፤ ዘይቱም ወደ ጠባቡ ቦታ ለመድረስ ይዘገያል። በአንጻሩ ብዙ ዘመን ያገለገለ አሮጌ ሞተር በጣም ቀጭን ዘይት ቢሰጡት ግፊቱ ይወርዳል፤ ዘይትም ይበላል።

ሁለተኛው ምልክት የጥራት ደረጃው ነው። ኤ.ፒ.አይ. በሚባለው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም አመዳደብ፣ በ«ኤስ» ፊደል የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። በቤንዚኑ ወገን ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ወደ ኋላ በሄደ መጠን ዘይቱ አዲስ ደረጃ ያለው ነው። ለምሳሌ ያህል «ኤስ.ኤፍ.» እ.ኤ.አ. እስከ 1988 ለተሠሩ ሞተሮች የወጣ ነው። «ኤስ.ኤን.» እ.ኤ.አ. በ2010፣ «ኤስ.ፒ.» በ2020፣ «ኤስ.ኪው.» በ2025 ወጥተዋል። አዲሱ ደረጃ የአሮጌውን ሥራ ይሠራል፤ አሮጌው ግን አዲሱን ሊተካ አይችልም። በመሆኑም በርካሽ ዋጋ ተታልለው ዘመኑ ያለፈበትን ዘይት ለአዲስ ሞተር አይግዙ። ሲገዙም የክዳኑ እሽግ ያልተነካ መሆኑን ያረጋግጡ።

ምን ያህል ሊትር እንደሚያስፈልግም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ብዙዎቹ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ከ3 እስከ 4 ሊትር ይይዛሉ። በአየር የምትቀዘቅዘው አሮጌዋ ቮልስዋገን ግን 2 ሊትር ተኩል ብቻ ይበቃታል፤ የሚቀየር ፊልትሮ ስለሌላት የሽቦ ወንፊቷ እየወጣ ይታጠባል።

አቀያየሩ

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ዘይትና አዲስ ፊልትሮ፣ ለማፍሰሻው ቡሎን የሚሆን መፍቻ (ለብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች ቁጥር 14)፣ አዲስ የቡሎን ሮንዴላ፣ አሮጌ ሳፋ፣ ጓንቲ፣ ጨርቅ፣ እንዲሁም ከደረቀ የውሃ ፕላስቲክ አንገቱ ተቆርጦ የተዘጋጀ መሙያ። ሳፋው ከዚህ በኋላ ወደ ወጥ ቤት የማይመለስ መሆን አለበት።

1. ሞተሩን ለ5 ደቂቃ ያህል አስነሥተው ያጥፉ። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከረጅም ጉዞ እንደተመለሱ ግን አይጀምሩ፤ የጋለ ዘይት ክፉኛ ያቃጥላል።

2. መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ ጎማውን በድንጋይ ይደግፉ። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ በክሪክ ካነሡ በኋላ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ያስገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ክሪክ ቢንሸራተት ሕይወት ያልፋል። ልጆችም በአካባቢው እንዳይጫወቱ ያድርጉ።

3. ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መሙያውን ክዳን ያንሡ። ከሥር ሳፋውን አስጠግተው የማፍሰሻውን ቡሎን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይፍቱ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ። ከዚያም ሮንዴላውን ለውጠው ቡሎኑን መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በመፍቻ ያጥብቁ። በኃይል ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል።

4. ፊልትሮውን ይፍቱ። የአሮጌው የጎማ ቀለበት ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ አለመቅረቱን ይመልከቱ፤ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይት ያፈሳል። የአዲሱን ጎማ ንጹሕ ዘይት ቀብተው በእጅ ያስገቡ። ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ማጥበቅ ለብዙዎቹ ይበቃል።

5. ከታዘዘው መጠን ጥቂት ቀንሰው ይሙሉ፤ ክዳኑን ይግጠሙ፤ ሞተሩን ያስነሡ። ቀዩ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ከሥር የሚንጠባጠብ አለመኖሩን አይተው ሞተሩን ያጥፉ።

6. 5 ደቂቃ ቆይተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ፤ ጠርገው እንደገና ያስገቡና ይመልከቱ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ተጠግቶ መታየት ይገባዋል። ከላይኛው ምልክት ማለፍ እንደ ማነስ ሁሉ ጉዳት አለው፤ የሞተሩ ዘንግ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋልና።

በመጨረሻ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የዘይቱን ዓይነት በደብተር ይጻፉ።

ከዘይት መለኪያው የሚነበብ

በየሳምንቱ ጠዋት ሞተር ሳይነሣ ዘንጉን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ዘይት መጥቆር ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም፤ ቆሻሻውን እየሰበሰበ መሆኑን ያሳያል፤ የናፍጣ ሞተር ዘይትማ በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከታየ ግን ውሃ ሳይገባበት አልቀረምና ሜካኒክ ሳያየው አይንዱ። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። በጉዞ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ቢበራ «ቤት ልድረስ» ሳይሉ ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ።

የተቃጠለው ዘይት ወዴት ይሂድ?

ይህ ክፍል በተለይ እናቶችን ይመለከታል። ያገለገለ ዘይት መርዛማ ነገሮችን ይይዛል፤ በቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ጓንቲ ያድርጉ፤ ዘይት የነካውን ጨርቅ በኪስ አይያዙ፤ ከከሰል ምድጃም ያርቁት። እጅን በቤንዚን መታጠብ ጉዳቱን ያባብሳል፤ ጥቂት የምግብ ዘይት ቀብተው በሳሙና ይታጠቡ። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ሥራውን ለሌላ ሰው ብትተው ይመረጣል።

ዘይቱን በቱቦ፣ በወንዝ ወይም በግቢ አፈር ላይ መድፋት ነውር ነው። ጥቂቱ ዘይት እጅግ ብዙ ውሃ ያበላሻል። ለምስጥ መከላከያ እየተባለ በአጥር እንጨት ላይ መቀባቱም፣ በተለይ የውኃ ጉድጓድና የጓሮ አትክልት ባለበት ግቢ፣ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ይልቁንም በራሱ ጀሪካን መልሰው፣ «የተቃጠለ ዘይት» ብለው ጽፈውበት፣ ወደሚቀበልዎ ጋራዥ ወይም ማደያ ይውሰዱ።

በውሃና በለስላሳ ጠርሙስ ግን ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ ሕፃን መጠጥ መስሎት ይጎነጨዋል። እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ልጁን ለማስታወክ አይሞክሩ፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ጠርሙሱን ይዘው በፍጥነት ሐኪም ቤት ያድርሱት። ባዶውን የሞተር ዘይት ጀሪካንም ቢያጥቡት እንኳ ለምግብ ዘይት ወይም ለውሃ መያዣ አያድርጉት።

ጊዜ ያጣች ወይም ከመኪና ሥር መግባት የማትፈልግ እናት ሥራውን ለጋራዥ ብትሰጥ ምንም ክፋት የለውም። ነገር ግን የዘይቱን ቁጥር ራሷ ትንገር፤ እሽጉ በፊቷ ይከፈት፤ አሮጌው ፊልትሮ ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ትይ፤ ከመሄዷም በፊት ዘንጉን አውጥታ ትመልከት። ይህን የምታውቅ ደንበኛ በቀላሉ አትታለልም። ሴት ልጆችዎንም ዘይት ሲለኩ አጠገብዎ ያቁሟቸው፤ ወንዶቹንም እንዲሁ። ነገ መኪና ሲይዙ የሰው እጅ ከማየት ይድናሉ።